ስለ ዘፋኙ ካውቦይና ስለ ልጆቻችን



ልጅ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ይሠራል። አባቱ ሲጽፍ ያየ ወንድ ልጅ ስንጥር አንሥቶ በአመድ ላይ ይጭራል፤ እናቷ ስትጋግር ያየች ሴት ልጅ ጭቃ አቡክታ እንጀራ ነው ትላለች። ይህ የልጅ ጠባይ ለአስተማሪ ታላቅ ረዳት ነው፤ ነገር ግን የሚታየው ነገር ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ታላቅ ጠላት ይሆናል። ስለዚህ ልጆቻችን የሚያዩትን የሲኒማ ሥዕል መመርመር የሚበሉትን እንጀራ ከመመርመር የሚያንስ ሥራ አይደለም።

አንድ ወዳጄ በቅርቡ ከልጁ ጋራ ተቀምጦ በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ከተሠሩት አሮጌ ፊልሞች አንዱን ሲመለከት፤ ልጁ «አባባ፤ ይህ ሰውዬ ሌቦች ከብቱን ሊወስዱበት እየመጡ ለምን ጊታር ይዞ ይዘፍናል?» ብሎ ጠየቀው። ወዳጄም መልስ ስላጣ ስቆ ዝም እንዳለ አጫወተኝ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ለትልልቆችም ትምህርት ያለበት ሆኖ ስላገኘሁት በዛሬው ጽሑፌ እርሱን ለመመለስ አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካውቦይ የሚባለው የአሜሪካ የከብት ነጂ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ዓ.ም. ባበቃ ጊዜ በቴክሳስ አገር እጅግ ብዙ የቀንድ ከብት ነበረ፤ ሥጋውን የሚፈልጉት ታላላቅ ከተሞች ግን በሰሜንና በምሥራቅ ነበሩ። ምድር ባቡር እስከ ካንሳስ ድረስ በደረሰ ጊዜ፤ ከ1867 ዓ.ም. ጀምሮ ነጂዎቹ መንጋውን ከቴክሳስ እየነዱ አቢሊን ወደምትባል የባቡር ጣቢያ ከተማ ይወስዱት ነበር። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ ጉዞው ብዙ ሳምንታት ይፈጃል። ቀን ይነዳሉ፤ ሌሊት በተራ ይጠብቃሉ።

ጭንቁ የሌሊቱ ጥበቃ ነበር። በጨለማ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ የተሰበረ ወይም መብረቅ የበረቀ እንደ ሆነ፤ መንጋው በአንድ ጊዜ ደንብሮ ሰውንና ፈረስን እየረገጠ ይፈረጥጣል። ስለዚህ ሁለት ፈረሰኞች አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ በመንጋው ዙሪያ እየዞሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዝግታ ይዘፍኑ ነበር። ዘፈኑም ለሦስት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፤ ከብቱ የለመደውን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይረጋጋል። ሁለተኛ፤ ፈረሰኛው ከጨለማ ብቅ ሲል ከብቱ አይደነግጥም፤ አስቀድሞ በድምፁ አውቆታልና። ሦስተኛ፤ ነጂው ራሱ በኮርቻው ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው ይረዳዋል።

እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የከብት ነጂ ዘፈን በመጀመሪያ ጨዋታ ሳይሆን ሥራ ነበር።

ይህ የሩቅ መንገድ ከብት ነዳ ብዙ ዘመን አልቆየም። በ1874 ዓ.ም. ጆሴፍ ግሊደን የተባለ ሰው የእሾህ ሽቦ አሠራር በስሙ አስመዘገበ፤ የሽቦውም አጥር ሜዳውን ቈራርጦ መንገዱን ዘጋው፤ ምድር ባቡሩም ወደ ቴክሳስ ገባ። ከ1880ዎቹ ዓመታት በኋላ ነጂው በሌሊት የሚዞርበት ሥራ ቢጠፋም ዘፈኑ ግን በሰው አፍ ቀረ። በ1910 ዓ.ም. ጆን ሎማክስ የተባለ በቴክሳስ ያደገ ሊቅ እነዚህን ዘፈኖች ከየሰዉ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳተማቸው። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ካርል ስፕሬግ የተባለ የቴክሳስ ተወላጅ ከነዚሁ ዘፈኖች አንዳንዶቹን በሸክላ አስቀረጸ። በዚህ ሁኔታ ለከብት ይዘፈን የነበረው ዘፈን ለሰው የሚዘፈን ሆነ።

ሲኒማ ያን ጊዜ ድዳ ነበር። በድዳው ሲኒማ ዘመን እንደ ዊሊያም ሃርትና እንደ ቶም ሚክስ ያሉት የከብት ነጂዎች ጀግንነታቸውን የሚያሳዩት በግልቢያና በተኩስ ብቻ ነበር፤ አፋቸው ቢንቀሳቀስም ድምፅ አይሰማም። በ1927 ዓ.ም. ሰው ሲናገርና ሲዘፍን የሚሰማበት «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ከወጣ በኋላ ግን፤ የሲኒማ ኩባንያዎች ሁሉ ወደ ድምፅ ዞሩ። ብዙ ሰዎች የድምፅ መሣሪያው ከአዳራሽ ወጥቶ በሜዳ አይሠራም ብለው ያስቡ ነበር። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው «ኢን ኦልድ አሪዞና» የተባለው ፊልም ግን መሣሪያውን ወደ ሜዳ አውጥቶ ይህን አሳብ ሐሰት አደረገው። በዚህ ፊልም ውስጥ ዋርነር ባክስተር የተባለው ተዋናይ ዘፍኖአል፤ ስለ ሥራውም የሲኒማ አካዳሚውን ታላቅ ሽልማት አገኘ። በዚሁ በ1929 ዓ.ም. ኬን ሜይናርድ የተባለ የታወቀ ፈረሰኛ «ዘ ዋገን ማስተር» በተባለው ፊልም ዘፈነ፤ በዚህም የተነሣ ብዙ የታሪክ ጸሓፊዎች የመጀመሪያው የሲኒማ ዘፋኝ ካውቦይ ይሉታል።

አሁን ልብ ልትሉት ወደሚገባ ነገር ደርሰናል። በ1933 ዓ.ም. «ራይደርስ ኦፍ ዴስቲኒ» በተባለ ፊልም ጆን ዌይን የተባለ ወጣት ተዋናይ «ዘፋኙ ሳንዲ» ተብሎ ቀረበ። ጠላቱን ሊገጥም በአውራ ጎዳና ሲሄድ እንኳ ይዘፍናል። ነገር ግን ጆን ዌይን ዘፈን አያውቅም ነበር፤ የተሰማው ድምፅ የሌላ ሰው ነው። እርሱ ራሱ በኋላ እንዳወራው፤ በሕዝብ ፊት በቀረበ ጊዜ ሁሉ ሰዎች ዘፈኑን እንዲያሰማቸው ይጠይቁት ስለ ነበረ፤ እፍረቱ በዝቶበት ይህን ዓይነት ሥራ ተወ። የአገራችን ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ለዚህ ነው። ጆን ዌይን በኋላ በራሱ መንገድ እጅግ ታላቅ ተዋናይ ሆነ፤ ነገር ግን ታላቅ የሆነው የተዋሰውን ድምፅ ለባለቤቱ ከመለሰ በኋላ ነው።

የገዛ ድምፁን ይዞ የመጣው ሰው ጂን ኦትሪ ይባላል። ኦትሪ በ1907 ዓ.ም. ቲዮጋ በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አያቱ ሰባኪ ስለ ነበረ በሕፃንነቱ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል አቁሞ አዘመረው። ካደገም በኋላ በኦክላሆማ በምድር ባቡር ኩባንያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። በሌሊት ተራው ሥራ ሲቀዘቅዝ ጊታሩን እያነሣ ይዘፍን ነበር። ኦትሪ ሲተርክ፤ አንድ ሌሊት ዊል ሮጀርስ የተባለው ታዋቂ ቀልደኛ ቴሌግራም ሊያስመታ ገብቶ ዘፈኑን ቢሰማ፤ ወደ ራዲዮ ሂድ ብሎ መከረው ይላል። እንደ ምክሩም በቱልሳ ከተማ በኋላም በቺካጎ በራዲዮ ዘፈነ። ጂሚ ሎንግ ከሚባል ከምድር ባቡር የሥራ ጓደኛው ጋራ ሆኖ በ1931 ዓ.ም. በሸክላ ያስቀረጸው፤ ስለ ሽበታም አባት የሚናገረው ዘፈን እጅግ ብዙ ገዢ አገኘ።

በ1934 ዓ.ም. ኬን ሜይናርድ ዋናው ተዋናይ በሆነበት «ኢን ኦልድ ሳንታ ፌ» በተባለው ፊልም ኦትሪ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ ዘፈነ። ሕዝቡ ወደደው። በ1935 ዓ.ም. «ዘ ፋንተም ኢምፓየር» የተባለ 12 ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም በስሙ ተሠራለት። የታሪኩ ነገር ያስቃል፤ ኦትሪ ከምድር በታች ካለ የጥንት መንግሥት ሰዎች ጋራ እየተዋጋ፤ የከብት ርቢው ቦታ እንዳይወሰድበት በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ወደ ላይ እየወጣ በራዲዮ መዝፈን አለበት። በዚያው ዓመት ሪፐብሊክ የተባለው አዲስ የሲኒማ ኩባንያ ተቋቁሞ «ተምብሊንግ ተምብልዊድስ» የተባለውን ሙሉ ፊልም በኦትሪ መሪነት አወጣ። ከዚህ በኋላ የዘፋኝ ካውቦይ ፊልም እንደ ጎርፍ ሆነ።

ኦትሪ ብርቱ ተዋናይ እንዳልነበረ ራሱም አልካደም። እንግዲህ ሕዝቡ ምኑን ወደደው? የመጀመሪያው ምክንያት የጊዜው ችግር ነው። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ንግድ ወድቆ፤ ባንኮች ተዘግተው፤ ብዙ ገበሬ መሬቱን በዕዳ አጥቶ ነበር። በኦትሪ ፊልሞች ውስጥ ክፉው ሰው ብዙ ጊዜ የድሀውን መሬት የሚቀማ ባለ ገንዘብ ወይም ጉቦኛ ሹም ነው። ታሪኩም የድሮ ብቻ አይደለም፤ ፈረስና ኦቶሞቢል፤ ሽጉጥና ቴሌፎን በአንድ ፊልም ይታያሉ። በትንንሽ ከተሞች የሚኖረው ገበሬ የራሱን ኑሮ ስላየበት የራሱ ጉዳይ አደረገው። ሁለተኛው ምክንያት ንጽሕናው ነው። ከ1934 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ የሲኒማ ኩባንያዎች ስለ ግብረ ገብ ያወጡትን ደንብ አጥብቀው ይጠብቁ ጀመር። የዘፋኙ ካውቦይ ፊልም አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ያለ እፍረት የሚያዩት ነበር።

ደግሞም ኦትሪ ልጆች እንደሚመስሉት አወቀ። ስለዚህ ለካውቦይ ይገባል ያለውን 10 ነጥብ ያለበት የጠባይ ደንብ አወጣ። በውስጡም ቀድሞ አለመተኰስ፤ ቃልን መጠበቅ፤ እውነትን መናገር፤ ለሕፃናት፣ ለሽማግሎችና ለእንስሳት መራራት፤ ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ አለመናቅ ይገኙበታል። በ1942 ዓ.ም. ጦርነቱ አገሩን በነካ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ ትቶ በአየር ኃይል ገባ፤ የጭነት አውሮፕላንም ነዳ። በሲኒማ ላይ አገርን መውደድን ሲያሳይ የነበረ ሰው፤ ጊዜው በደረሰ ጊዜ ያሳየውን ሠራው።

ከኦትሪ ቀጥሎ የተነሣው ሮይ ሮጀርስ ነው። ትክክለኛ ስሙ ሌናርድ ስላይ ሲሆን በ1911 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ተወለደ። ከአባቱ ጋራ በጫማ ፋብሪካ ሠርቶአል፤ ወደ ካሊፎርኒያም ከሄደ በኋላ የፍሬ ለቃሚ ሆኖአል። ከቦብ ኖላንና ከቲም ስፔንሰር ጋራ ሆኖ «ሳንስ ኦፍ ዘ ፓዮኒርስ» የተባለውን በኅብረት የሚዘፍን ቡድን መሠረተ። በ1938 ዓ.ም. ኦትሪ ከኩባንያው ጋራ በውል ተጣላ። የጠቡ አንዱ ምክንያት ኩባንያው የኦትሪን ፊልም ለሚፈልግ ሲኒማ ቤት ሌሎቹንም ፊልሞቹን በግድ ያሲዝ ስለ ነበረ ነው። ኦትሪ ሥራውን ትቶ ሲሄድ ኩባንያው ሮጀርስን በቦታው አቆመው። «አንደር ዌስተርን ስታርስ» በተባለው በዚያ የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሙ፤ ሮጀርስ በድርቅና በአቧራ ማዕበል ለተጎዱ ገበሬዎች ውሃ ለማስገኘት ተመርጦ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ እንደራሴ ሆኖ ታየ። ይህ ነገር በእውነት በዚያ ዘመን በአሜሪካ መካከለኛ አገሮች የደረሰ መከራ ነበር። ስለ አቧራው የሚናገረው የዚሁ ፊልም ዘፈንም ለአካዳሚው ሽልማት ታጨ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቶችም አልቀሩም። ፓትሲ ሞንታና የተባለች ዘፋኝ በ1935 ዓ.ም. የከብት ነጂን ኑሮ ስለምትመኝ ልጃገረድ የሚናገር ዘፈን በሸክላ አስቀርጻ እጅግ ታወቀች። ዶሮቲ ፔጅ የተባለችው ደግሞ በ1939 ዓ.ም. በሦስት ፊልሞች ዋና ሆና ጋለበች፤ ዘፈነች፤ ግፈኞችንም ተቋቋመች። ሥራው ግን ከሦስቱ ፊልሞች አላለፈም። በ1944 ዓ.ም. ከሮጀርስ ጋራ መሥራት የጀመረችው ዴል ኢቫንስ በ1947 ዓ.ም. መጨረሻ ሚስቱ ሆና፤ ሁለቱ አንድ ላይ ለብዙ ዘመን ዘፈኑ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሰውን በዘሩ አለመናቅ የሚል ደንብ የወጣለት የካውቦይ ሲኒማ አንድ ታላቅ ጉድለት ነበረበት። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፤ በከብት ነዳው ዘመን ከነበሩት ነጂዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር ነበረ፤ ሜክሲካውያንም ብዙ ነበሩ። በሲኒማው ግን ጀግናው ሁሉ ነጭ ነው። ጥቁሩ ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል፤ ሆኖም ራሱን የሚያገኘው በሚሳቅበት ሎሌ መልክ ነው፤ አለዚያም ጨርሶ አያገኘውም።

ሄርብ ጄፍሪስ የተባለ ዘፋኝ በ1930ዎቹ ዓመታት ከሙዚቃ ጓድ ጋራ በአሜሪካ ደቡብ ሲዞር ይህን አስተዋለ። በዚያ አገር ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በሚገቡባቸው ሲኒማ ቤቶች ሕዝቡ ተጨናንቆ የነጭ ካውቦይ ሲያይ ተመለከተ። ስለዚህ ጥቁር ዘፋኝ ካውቦይ ያለበት ፊልም እንዲሠራ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ፈለገ፤ ጄድ ቡኤል የተባለ የፊልም አዘጋጅም ተስማማ። በ1937 ዓ.ም. «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» የተባለው፤ ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁሮች የሆኑበት ዘፋኝ የካውቦይ ፊልም ወጣ። በ1938 እና በ1939 ዓ.ም. ሦስት ሌሎች ተከተሉት፤ ከነርሱም አንዱ «ዘ ብሮንዝ ባካሩ» ይባላል። ፊልሞቹ የተነሡበት ቦታ በካሊፎርኒያ በቪክተርቪል ከተማ አጠገብ የነበረ፤ የአንድ ጥቁር ባልና ሚስት የእንግዳ ማረፊያና የፈረስ ቦታ ነው። ገንዘቡ ጥቂት፤ ጊዜውም አጭር ነበር። ነገር ግን ጄፍሪስ ዘፈኑን በገዛ ድምፁ ዘፈነው። በዚያን ጊዜ በጨለማው ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ጥቁር ሕፃን፤ እርሱን የሚመስል ሰው በፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ፤ ድሀን ሲያድን፤ በሰዎችም ሲከበር አየ። ያ ሕፃን ወደ ቤቱ ሲመለስ እንጨት ፈረስ አድርጎ ሲጋልብ የሌላውን ሰው መልክ መዋስ አላስፈለገውም።

የአሜሪካ የጥንት ተወላጆች፤ ቀይ ሕንዶች የሚባሉትም፤ በነዚህ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ክብር አላገኙም። ኦትሪ በ1949 ዓ.ም. «ዘ ካውቦይ ኤንድ ዘ ኢንዲያንስ» በተባለው ፊልሙ የናቫሆ ሕዝብ የደረሰበትን ረኃብና ግፍ አሳይቶአል። ነገር ግን ይህን የመሰለ ሥራ ጥቂት ነበር፤ የመጣውም ዘግይቶ ነው።

ዘመኑ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ኦትሪ በ1950 ዓ.ም. ሮጀርስም በ1951 ዓ.ም. ወደ ቴሌቪዥን ገቡ። የኦትሪ የመጨረሻው የሲኒማ ቤት ፊልም በ1953 ዓ.ም. ወጣ። ሁለቱም በ1998 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ሞቱ። ጄፍሪስ ከሁለቱም በኋላ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈ። ፊልሞቻቸው ግን ዛሬም ይታያሉ፤ የወዳጄ ልጅም ያየው ከነዚሁ አንዱን ነው።

እንግዲህ እናንት አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁን በማናቸውም የሲኒማ ሥዕል ፊት ስታስቀምጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፤ ይህ ጀግና ከሽጉጡ ሌላ ምን ኃይል አለው? ሁለተኛ፤ የሚያሳየው ነገር የገዛ ራሱ ነው ወይስ የተዋሰው? ልጅ ውሎ አድሮ ያውቃልና፤ ዘፈኑን ዝፈንልን ብሎ ይጠይቃል። እኛም በቤታችን የምናስተምረውን የማንሠራ እንደ ሆነ በተዋስነው ድምፅ እንደምንዘፍን እንወቅ። ሦስተኛ፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ የሌለው የማን ልጅ ነው? ልጃችን ራሱን ብቻ እያየ ያደገ እንደ ሆነ ሌላውን ይንቃል፤ ሌላውን ብቻ እያየ ያደገ እንደ ሆነ ራሱን ይንቃል።

ለወዳጄ ልጅ ደግሞ እንዲህ ብለህ መልስለት ብዬዋለሁ። ልጄ፤ ሰውዬው የሚዘፍነው ሌቦቹን ስላልፈራ ወይም ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። ከርሱ በፊት የነበሩት እውነተኞቹ ነጂዎች በሌሊት፤ በጨለማ፤ ብዙ መንጋ አደራ ተቀብለው ሲጠብቁ፤ የሚጮህ ሰው መንጋውን እንደሚያስደነብር፤ በለሆሳስ የሚዘፍን ሰው ግን እስኪነጋ እንደሚያቆየው አውቀው ነበር። ዘፈኑን ለርሱ ያወረሱት እነርሱ ናቸው።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለና፤ «ይህስ ለልጁ ብቻ አይደለም፤ እኔም በቤቴ ብዙ ጮኼአለሁ» አለኝ። እኔም ከዚህ የሚበልጥ ቃል ስላላገኘሁ ጽሑፌን በዚሁ እፈጽማለሁ።